«ማተብህን አላየሁትም»፦ የዕጩ ሃይማኖት ለመራጭ ሊገደው ይገባልን?

ጠያቂ፦ ከቀሃ ማዶ (ጎንደር)

ለመድረኩ ተሳታፊዎች ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ለብዙ ጊዜ በልቤ ይዤው የቆየሁትን ጥያቄ ዛሬ ላቀርብላችሁ ነው። ከመነሻው ካልጀመርሁ ግልጽ አይሆንምና ትንሽ ብረዝም ታገሡኝ።

በ2013 ዓ.ም. ከተደረገው ስድስተኛው አገር አቀፍ ምርጫ በፊት በሰፈራችን አዳራሽ ዕጩዎች ከመራጮች ጋር የሚተዋወቁበት ስብሰባ ተጠርቶ ነበር። ሰፈራችን ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ ነው፤ ፈረቃውም የሚከበረው አልፎ አልፎ ስለነበረ፣ አብዛኛው ሰው ወደ አዳራሹ የገባው የአንገረብ ግድብ በደለል እየሞላ ሲሄድ ምን ሊደረግ እንደታሰበና የመገጭ ግድብ ሥራ ለምን እንደሚጓተት ሊጠይቅ ነበር። ተራው የደረሰው ዕጩ ወጣት፣ የተማረ፣ ንግግሩም ለጆሮ የሚጥም ሰው ነው። ተናግሮ ሲጨርስ ከፊት ረድፍ ጋቢ የለበሱ አዛውንት ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡና፣ «ልጄ፣ የተናገርኸው ሁሉ መልካም ነው፤ ማተብህን ግን አላየሁትም» አሉት።

አዳራሹ ጸጥ አለ። ዕጩው ጥቂት ካመነታ በኋላ ከረባቱን አላላ፤ የሸሚዙን የላይኛውን ቁልፍ ፈታ፤ በሁለት ጣቱም ከመታጠብ ብዛት ወደ ቡናማነት የተለወጠች ጥቁር ክር ከአንገቱ ሥር ስቦ አወጣ። ከኋላ እልልታ ተሰማ፤ ጭብጨባውም ቀለጠ። ከአጠገቤ ስለ ውሃው ልትጠይቅ እጇን አንሥታ የነበረች ሴት እጇን ቀስ ብላ ስታወርድ አየኋት። ሰብሳቢውም ሰዓቱ መድረሱን ተናግሮ ወደሚቀጥለው ዕጩ አለፈ። እኔም አጨብጭቤያለሁ። ለምን እንዳጨበጨብሁ ራሴን የጠየቅሁት ቤቴ ገብቼ በረንዳው ላይ የተደረደሩትን ባዶ ቢጫ ጀሪካኖች ሳይ ነው።

በማግሥቱ ይህንኑ ሙስሊም ለሆነ የሥራ ባልደረባዬ ባጫውተው፣ ስቆ ስቆ ሲያበቃ «እኔ ብሆን ኖሮ ከአንገቴ ምን አወጣ ነበር?» አለኝ። ቀልድ ነበር፤ ነገር ግን እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁለትም።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ድምፅ ስንሰጥ የአንድን ዕጩ ወይም መሪ ሃይማኖት ከግምት ማስገባት ይገባናልን? ይገባናል ከተባለስ እስከ የት ድረስ ነው? እኔ ራሴ የተዋሕዶ ምእመን ነኝ፤ የምጠይቀውም ሃይማኖትን ለማቃለል እንዳልሆነ እንድትረዱልኝ እፈልጋለሁ። ስድብና ፉክክር ሳይሆን ምክንያት እንድትጽፉልኝ እለምናለሁ።

—

መላሽ፦ ጠበቃው ከማራኪ

ሌሎች ወደ ፍሬ ነገሩ ከመግባታቸው በፊት የሕጉን ድንበር ባሳይ ውይይቱን ያቀልላል ብዬ አስባለሁ።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ መንግሥታዊ ሃይማኖት እንደማይኖር፣ አንዱም በሌላው ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገባ ይደነግጋል። አንቀጽ 27 የእምነት ነጻነትን ያረጋግጣል፤ አንቀጽ 38 ደግሞ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በሃይማኖቱ ልዩነት ሳይደረግበት የመምረጥና የመመረጥ መብት እንዳለው ይናገራል። የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሥራ ሲጀምር የሚገባው ቃል እንኳ በአንቀጽ 70 ላይ እንደሰፈረው የተጣለበትን ኃላፊነት በታማኝነት ለመወጣት የሚሰጥ ቃል ነው እንጂ የፈጣሪን ስም አይጠራም።

ነገር ግን እነዚህ ድንጋጌዎች የሚያስሩት መንግሥትን ነው። አንድ ሰው ብቻውን ገብቶ ምልክት በሚያደርግበት መጋረጃ ውስጥ በምን ምክንያት እንደመረጠ የሚጠይቀው ሕግ የለም፤ ሊኖርም አይገባም። ስለዚህ የጠያቂው ጥያቄ የሕግ ሳይሆን የኅሊና ጥያቄ ነው።

አንድ ነገር ግን ብዙ ጊዜ እንዘነጋለን። እኛ «የመሪው ሃይማኖት» እያልን የምንከራከርበትን ጠቅላይ ሚኒስትር የሚመርጠው ምክር ቤቱ ነው፤ ስሙ በጎንደር የድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ አይገኝም። እኛ የምንመርጠው ከ550 ከማይበልጡት የምክር ቤት መቀመጫዎች መካከል የእኛን አካባቢ መቀመጫ የሚይዘውን ሰው ነው። የዚህ ሰው ሥራ ሕግ ማውጣት፣ በጀት ማጽደቅና አስፈጻሚውን መቆጣጠር ነው። ማተቡ ከእነዚህ ከሦስቱ ተግባሮች በየትኛው ላይ እንደሚረዳው የሚያስረዳኝ ሰው ካለ በደስታ እሰማለሁ።

ዕጩውም «አባቴ፣ ይህ በእኔና በፈጣሪዬ መካከል ያለ ነገር ነው፤ ስለ ውሃው ግን ልመልስልዎ» ብሎ በአክብሮት ማለፍ ይችል ነበር። እንዲህ ቢል ድምፅ ይቀንስበት እንደነበረ አልክድም፤ የሚቀንስበትን ድምፅ ደግሞ የትኛውም አንቀጽ አይመልስለትም።

—

መላሽ፦ የቅኔ ቤት ልጅ

ጠበቃው ላነሡት ጥያቄ እኔ ልመልስ፤ ማተቡ ከሦስቱም ላይ ይረዳዋል ባይ ነኝ።

ማተብ ስንል ክሩን ማለታችን እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። በአማርኛችን «ማተብ የሌለው» የምንለው ቃሉን የማይጠብቀውን፣ አደራ የሚበላውን፣ ማንም ባያየው የማያፍረውን ሰው ነው። እንዲያውም ክር ያሰረ ሆኖ ማተብ የለሽ የተባለ ስንቱን ሰው በየሰፈራችን እናውቃለን። ስለዚህ እኒያ አዛውንት የጠየቁት «የእኛ ወገን ነህን?» ብለው ብቻ ነው ብዬ ለመደምደም እቸገራለሁ። «ማንም በማያይህ ቦታ፣ ፊርማህና ማኅተምህ ብቻ በሚያውቁት ጉዳይ፣ ማንን ትፈራለህ?» ብለው ጠይቀው ሊሆን ይችላል። ይህ ደግሞ መራጭ ሊጠይቃቸው ከሚችላቸው ጥያቄዎች ሁሉ ትልቁ ነው። በጀት ሲጸድቅ በኮሚሽን ስም የሚወጣውን ገንዘብ የሚያውቁት ሰጪውና ተቀባዩ ብቻ ናቸው፤ ኦዲተሩም የሚደርሰው ከዓመታት በኋላ ነው።

መጽሐፍም ይህንን ይደግፋል። ሙሴ በሕዝቡ ብዛት በደከመ ጊዜ አማቱ ዮቶር በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 18 ቁጥር 21 የሰጠውን ምክር ተመልከቱ፤ አዋቂዎችን፣ እግዚአብሔርን የሚፈሩትን፣ የታመኑትንና ጉቦን የሚጠሉትን ምረጥ ነው ያለው። ፈሪሃ እግዚአብሔር ከዕውቀት ቀጥሎ፣ ከታማኝነት ቀድሞ ተጠቅሷል።

ሌላም ምክንያት አለ። መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ቢባልም፣ የቤተ ክርስቲያን ይዞታ፣ የበዓላት አከባበር፣ የጥምቀተ ባሕር ቦታ፣ በአባቶች መካከል ልዩነት ሲነሣ መንግሥት የሚወስደው አቋም፣ እነዚህ ሁሉ በባለሥልጣን ጠረጴዛ ላይ የሚያልፉ ጉዳዮች ናቸው። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ሰው የነገሩን ክብደት ያውቃልን ብሎ መጠየቅ ለምእመን ነውር ሊሆንበት አይገባም። እኔ ድምፄን የምሰጠው ሃይማኖቴን ደጅ አስቀምጬ ገብቼ አይደለም፤ ዕጩውም የእርሱን ደጅ አስቀምጦ እንዲመጣ አልጠብቅም።

—

መላሽ፦ ጡረተኛ የታሪክ መምህር

ወንድሜ የቅኔ ቤት ልጅ በሚገባ ጽፈዋል፤ አለመስማማቴን ግን ከዚችው ከከተማችን ታሪክ ተነሥቼ ልግለጽ። መምህር ጡረታ ቢወጣም ማስረዘሙን አይተውምና ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ጎንደር ራሷ የመሪ ሃይማኖት ከፍ ያለ የፖለቲካ ጥያቄ በሆነበት ዘመን ማግሥት የተቆረቆረች ከተማ ናት። ዐፄ ሱስንዮስ በኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ትምህርት ወደ ካቶሊክ እምነት ገብተው በእምነታቸው ብቻቸውን ቢኖሩ ኖሮ ምናልባት ያን ያህል ደም ባልፈሰሰ ነበር። እርሳቸው ግን የራሳቸውን እምነት በዐዋጅ የአገሩ ሁሉ እምነት አደረጉት። የቀዳሚት ሰንበት መከበር ተከለከለ፤ ካህናት ዳግመኛ እንዲሾሙ፣ ምእመናንም ዳግመኛ እንዲጠመቁ ተጠየቀ። ባላገሩ ተነሣ፤ ዓመፁም ከዓመት ወደ ዓመት ዞረ። በወይና ደጋው ጦርነት ንጉሡ ድል ቢያደርጉም፣ በሜዳው ላይ የወደቁት የራሳቸው ሕዝብ መሆናቸውን ባለሟሎቻቸው አሳዩአቸው ይባላል። በ1624 ዓ.ም. ሰኔ ላይ እያንዳንዱ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ አውጀው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። «ፋሲል ይንገሥ፣ ሃይማኖት ይመለስ» የሚለው ቃል እስከ ዛሬ በአፋችን ያለው ከዚያ ነው። ፋሲልም ከአራት ዓመት በኋላ ገደማ ቤተ መንግሥታቸውን እዚህ ተከሉ።

ይህን የሚሰማ ሰው «እንግዲያውስ የመሪ ሃይማኖት ወሳኝ መሆኑ ተረጋገጠ» ሊል ይችላል። በዚያን ዘመን በእርግጥ ወሳኝ ነበር፤ ምክንያቱም የንጉሡ እምነት የአገሩ ሕግ ነበር። ነገር ግን ታሪኩ በፋሲል መንገሥ አላበቃም፤ እኛ ተማሪ ቤት ያቆምነው ግን እዚያ ላይ ነው። ሃይማኖቱ ከተመለሰ በኋላ፣ በፋሲል ልጅ በጻድቁ ዮሐንስ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1667–1682) በዚችው ከተማ በተደረገ ጉባኤ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤላውያን ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ተወሰነ። ንጉሡ «ጻድቁ» የተባሉት ለእምነታቸው ባላቸው ትጋት ነው፤ ትጋታቸው ግን ለጎረቤታቸው ምን እንደሆነ የሚናገረው ሌላ ሰው ነው።

ከዚያም በአንዱ ሃይማኖት ውስጥ እንኳ ሰላም አልተገኘም። ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ቅባትና ተዋሕዶ፣ በኋላም ጸጋ እየተባለ ክርክሩ ከጉባኤ ወደ ግቢ፣ ከግቢ ወደ ጦር ሜዳ ዞረ። በዐፄ ዳዊት ሣልሳዊ ዘመን የጉባኤውን ውሳኔ አንቀበልም ያሉ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት እዚሁ ጎንደር ውስጥ ተገደሉ። ገዳዩም ሟቹም ማተብ ነበራቸው። «የእኛ ሃይማኖት ሰው ይሁን» የሚለው መስፈርት አንድ ጊዜ ከተተከለ «የትኛው የእኛ?» ወደሚለው መውረዱ የማይቀር መሆኑን ያየሁት ከዚህ ነው።

ስለ ልጅ ኢያሱም አንድ ቃል ልበል። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በመስቀል በዓል ከሥልጣን ሲወርዱ በዐዋጅ የተነገረው ክስ ሃይማኖታቸውን ቀይረዋል የሚል ነበር። ሃይማኖታቸውን መቀየር አለመቀየራቸው የታሪክ ጸሐፊዎችን እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ የማያከራክረው ግን መኳንንቱ ሥልጣናቸው እየተሸረሸረ መሆኑን መፍራታቸውና፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ላይ የነበሩት የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የኢጣሊያ መልእክተኞች ልጅ ኢያሱ ወደ ቱርክና ጀርመን ማዘንበላቸውን መጥላታቸው ነው። የሃይማኖቱ ክስ ሌላውን ሁሉ ሸፈነው። ጠያቂው ባዩት አዳራሽ ክሯ የውሃውን ጥያቄ እንደሸፈነችው ማለት ነው፤ ልዩነቱ የመጠን ብቻ ነው።

የ1948ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 126 ንጉሠ ነገሥቱ ምን ጊዜም የኦርቶዶክስ እምነት ተከታይ እንዲሆኑ ያስገድድ ነበር። ያ ግዴታ ከዘውዱ ጋር አብሮ አልፏል። ዛሬ የምንመርጠው ሰው ዓርብና ረቡዕን ሊያስጾመን ወይም ሊያስገድፈን ሥልጣን የለውም። ሥልጣን በሌለው ነገር ላይ ፈተና መስጠት፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ለሒሳብ መምህር የመዝሙር ፈተና እንደመስጠት ይመስለኛል።

—

መላሽ፦ የአዲስ ዓለም ልጅ

ጋሼ መምህር «ተለይተው እንዲሰፍሩ ተወሰነ» ያሉት ሰፈር የእኔ ሰፈር ነው። አያቶቼ ስሙን ሲጠሩት በውስጡ ምሬትም ኩራትም ነበረበት፤ ለእኔ ግን የተወለድሁበት፣ ኳስ የተጫወትሁበት ሰፈር ነው፤ በዚህ ላይ ብዙ አልልም።

በ2014 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር፣ በረመዳን፣ በከተማችን ከአንድ የሃይማኖት አባት ቀብር ጋር ተያይዞ የተነሣውን ግጭትና የጠፋውን ሕይወት የጎንደር ሰው አይረሳውም። ዝርዝሩን ማንሣት የዛሬው ጉዳይ አይደለም። ከዚያ ሳምንት በኋላ ግን እኔ «ባለሥልጣኑ የማን ልጅ ነው፣ ምን ያመልካል?» ብዬ አልጠየቅሁም። የጠየቅሁት «በዚያ ቀን ስልክ ሲደወልለት አነሣ ወይስ አላነሣም?» ብዬ ነው። አንዳንድ ጎረቤቶቻችን፣ ማተብ ያሰሩ ሰዎች፣ በራቸውን ከፍተው ሰው አስጠልለዋል፤ የእኛው ወገን የሆኑ ግን ስልካቸውን የዘጉ የምናውቃቸው ሰዎችም ነበሩ። ሃይማኖታቸውን ብቻ የሚያውቅ ሰው የትኛው በሩን እንደሚከፍት አስቀድሞ መናገር አይችልም ነበር።

የቅኔ ቤት ልጅ ከኦሪት ጠቅሰዋል፤ እኔም ከራሴ ወገን አንድ ነገር ልጥቀስ። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ተከታዮቻቸው በመካ መከራ ሲጸናባቸው ወደ ሐበሻ እንዲሰደዱ ሲመክሯቸው የሰጧቸው ምክንያት በዚያ አገር በእርሱ ዘንድ ማንም የማይበደልበት ንጉሥ አለ የሚል እንደነበረ ተዘግቧል። በዚያን ጊዜ ንጉሡ ክርስቲያን ነበር፤ መስፈርቱ ግን ፍትሕ ነበር። እኛ ሙስሊሞች ይህን ታሪክ በየመድረኩ በኩራት እንናገራለን፤ ወደ ምርጫ ስንመጣ ግን እንረሳዋለን፤ ይህን የምለው ራሴንም ጨምሬ ነው። ካቢኔ በተሾመ ቁጥር ስሞቹን እያነበብን «የእኛ ስንት ናቸው?» ብለን በጣታችን እንቆጥራለን።

እዚህ ላይ ግን ጋሼ መምህርን በከፊል ልቃወማቸው። ብዙኃኑ «የእኛ ሰው ይሁን» ሲልና ጥቂቱ «ከእኛም አንድ ሰው ይታይ» ሲል አንድ ዓይነት ነገር እየተናገሩ አይደለም። የእናቴ ዓይን ሁልጊዜ አዳራሹ ፊት ለፊት የሚቀመጡትን ሰዎች ይቃኛል፤ ሒጃብ የለበሰች ሴት ካላየች ስብሰባው የሌላ ሰው ስብሰባ ይመስላታል። ይህን ስሜት «ዘመን ያለፈበት» ብሎ ማጣጣል ቀላል የሚሆነው ፊት ለፊቱን በራሱ ወገን ተሞልቶ ለለመደ ሰው ነው። ቆጠራው ሥርዓት ሆኖ ሲጸና ግን ምን እንደሚያመጣ ስንቷ እኅታችን በቤት ሠራተኝነት ከምታውቃት ከሊባኖስ መማር ይቻላል፤ እ.ኤ.አ. ከ1943 ስምምነት ጀምሮ ፕሬዚዳንቱ ማሮናዊ ክርስቲያን፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሱኒ፣ አፈ ጉባኤው ሺዓ ሆኖ ሲመረጥ ኖሯል፤ አገሪቱን ግን ከእርስ በርስ ጦርነት አላዳናትም። በተቃራኒው አብዛኛው ሕዝቧ ሙስሊም የሆነባት ሴኔጋል ነጻ ከወጣችበት እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ ሃያ ዓመት በካቶሊኩ በሴንጎር ተመርታለች።

ለጠያቂው ባልደረባ ጥያቄ መልስ ካስፈለገ፣ እኔ ብሆን ከአንገቴ የማወጣው ነገር የለኝም፤ ስለዚህ ወደ ስብሰባው አልሄድም ነበር። ዕጩ የመሆንን ሐሳብ ከመጀመሪያው አላስበውም ነበር። የዚያ ጭብጨባ ጉዳት የሚጀምረው ከዚያ ይመስለኛል፤ ተሸንፎ የቀረውን ሳይሆን ጨርሶ ያልመጣውን ሰው ማንም አይቆጥረውም።

—

መላሽ፦ የአዘዞ መንገደኛ

በአጭሩ ልበል፤ ስብከት እንዳይመስልብኝ እፈራለሁ፤ ፕሮቴስታንት ነኝና።

በቅርብ ዓመታት ሁለት «ጴንጤ» የተባሉ ጠቅላይ ሚኒስትሮች አይተናል። አቶ ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ከሐዋርያዊት ቤተ ክርስቲያን ናቸው፤ ዶክተር ዐቢይ አሕመድ ደግሞ ከሙሉ ወንጌል፤ አባታቸው ሙስሊም፣ እናታቸው ኦርቶዶክስ ነበሩ። ሁለቱ ቤተ ክርስቲያናት በሥላሴ ትምህርት እንኳ አይስማሙም፤ ከውጭ ለሚያይ ግን አንድ ናቸው። የሁለቱም አመራር ምን ያህል እንደሚለያይ ደግሞ የወደዳቸውም የጠላቸውም ይመሰክራል። ሃይማኖትን ዐውቆ ፖሊሲን መገመት የሚቻል ቢሆን ኖሮ ሁለቱ መመሳሰል ነበረባቸው።

በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ በአገር ደረጃ ኦርቶዶክስ ከመቶ 43.5፣ ሙስሊም 33.9፣ ፕሮቴስታንት 18.6 ነበር። አንዱም ግማሽ አይሞላም። ጎንደር ላይ በሃይማኖቱ የሚመርጥ ሰው፣ ሌላ ክልል ውስጥ እርሱን በሃይማኖቱ የሚጥለውን መራጭ የሚወቅስበት አፍ አይኖረውም።

ለቅኔ ቤት ልጅ አንድ ነገር ብቻ፤ ያንን መልካም ምክር ለሙሴ የሰጠው ዮቶር የምድያም ካህን ነበር። ከእስራኤል ወገን አልነበረም፤ ሙሴ ግን ሰማው።

—

መላሽ፦ የቅኔ ቤት ልጅ

ስለ ዮቶር የተባለው እውነት ነው፤ ተመትቻለሁ። በጉባኤ ቤታችን ቢሆን የኔታ ለዚህ መልስ ያስጨበጭቡልዎት ነበር።

የአዲስ ዓለም ልጅ «ያልመጣውን ሰው ማንም አይቆጥረውም» ያሉትንም ደጋግሜ አነበብሁት፤ በዚህ በኩል አላሰብሁበትም ነበር። ሆኖም ከመሠረቱ አልተነቀልሁም። ሃይማኖቱ ምንድን ነው የሚለውን ጥያቄ ልተው እችላለሁ፤ የሚያፍርበት ነገር አለው ወይ የሚለውን ግን አልተውም። ይህንን ደግሞ አዳራሽ ውስጥ በአንድ ሰዓት እንዴት እንደሚለዩት ጠበቃውም መምህሩም አልነገሩኝም።

—

መላሽ፦ ጠበቃው ከማራኪ

አዳራሽ ውስጥ አይለይም፤ በዚህ እስማማለሁ። የሚለየው ከኖረበት ነው። ቀደም ሲል በሠራበት መሥሪያ ቤት ባለጉዳይን እንዴት ያስተናግድ ነበር? የዕድር ገንዘብ ያዥ ሆኖ ያውቅ እንደሆነ ሒሳቡን በደረሰኝ አስረክቧልን? ከእርሱ እምነት ውጭ የሆነ ጎረቤቱ ስለ እርሱ ምን ይላል? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል ባይ ነኝ፤ ከወገኑ ይልቅ ባዕዱ ያውቀዋልና። ለዚህ ግን መራጩ ከጭብጨባው በፊት ጥቂት ቀን ደክሞ መጠየቅ አለበት፤ እኛ ደግሞ ከረባት ማላላት ስለሚቀልል ያንን እንመርጣለን።

—

ጠያቂ፦ ከቀሃ ማዶ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የአዲስ ዓለም ልጅን መልስ ለባልደረባዬ አስነበብሁት፤ ዝም ብሎ አንብቦ ስልኬን መለሰልኝ፤ ቆይቶም «እናቱ ከእናቴ ጋር ሳይተዋወቁ አይቀሩም» ብቻ አለኝ።

አንድ ነገር ሳልነግራችሁ እንዳልቀር። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ እኒያን አዛውንት ከደጀ ሰላሙ አጥር ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጉልበት ስሜ ከጎናቸው ተቀመጥሁና ያን ቀን ማተቡን ለምን እንደጠየቁት በድፍረት ጠየቅኋቸው። የቅኔ ቤት ልጅ በገመቱት መንገድ ነው የመለሱልኝ።

«እንዲያው ሲዋሽ የሚፈራው እንዳለው ልወቅ ብዬ ነው» አሉኝ።

«ታዲያ ያው አሳየዎት፤ ድምፅዎንም ሰጡት፤ ተመረጠም» አልኋቸው።

ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ጥቂት ቆዩ፤ ከዚያም ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «እናንተ ሰፈር ውሃው መጣ እንዴ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ከመጣ አሥራ አንደኛ ቀኑ እንደሆነ ነገርኋቸው።

«እኛ ዘንድ አሥራ አራት» አሉና ጋቢያቸውን አስተካክለው ለመነሣት እጃቸውን ሰጡኝ።